ፕሪሲዥንና ጃዝ፤ በአጋሮና በጅማ ስለ ተሰሙ ሁለት አሮጌ ቤዝ ጊታሮች

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በመልክም በአሠራርም የተቀራረቡ ሁለት የቤዝ ጊታር ዐይነቶችን አነጻጽሮ መመርመር ነው። እነርሱም የአሜሪካው የፌንደር ኩባንያ የሠራቸው ፕሪሲዥን ቤዝና ጃዝ ቤዝ ናቸው። ስለ እነዚህ መሣሪያዎች በውጭ አገር እጅግ ብዙ ተጽፏል፤ ነገር ግን የተጻፈው አብዛኛው ስለ ተሠሩበት ዓመት፣ ስለ ቀለማቸውና ስለሚያወጡት ገንዘብ ነው። እኔ ጥያቄውን የማነሣው በሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በሰርግ ድንኳንና በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሁለቱ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይስማማል የሚል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

«ለአንድ የባዕድ መሣሪያ ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ቢኖር ሁለት ነገር እመልስለታለሁ። መጀመሪያ፣ ቤዝ ጊታር በአገራችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለ ኖረ እንግዳ ነው የሚባልበት ጊዜ አልፏል። በ1943 በጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ብለው በሰየሙት ሙዚቃ ውስጥ ዜማው የሚቆመው ከሥር እየተመላለሰ በሚመጣው የቤዝ ሐረግ ላይ ነው፤ «የከርሞ ሰው»ን የሰማ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። ዋሊያስ ባንድ በ1977 ባሳተመው ሸክላ ላይ በሚገኘው «ሙዚቃዊ ስልት»ም የመላከ ገብሬ ቤዝ እንዲሁ ነው። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ የቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮም ከስንቱ ታላቅ ዘፋኝ ድምፅ በታች መሠረት ሆኖ እንዳገለገለ ካሴቶቹ ይናገራሉ። ሁለተኛው መልሴ ደግሞ ይህ ነው፤ ጥያቄው የተነሣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ሽማግሌ እንጀራ ነው። እኔም በጉዳዩ ምክር ሰጥቼ ስለ ተሳሳትሁ ስሕተቴን በዚህ መጽሔት ላይ ማረም ግዴታዬ ነው።

፩. ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ

ከጅማ በስተ ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአጋሮ ከተማ አንድ አዛውንት የቤዝ ተጫዋች ይኖራሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ፣ እኛ የሙዚቃ ክበብ ተማሪዎች እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እላቸዋለሁ። ጋሼ በደርግ ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬም የቡናው ለቀማ አልቆ በየቤቱ ገንዘብ ሲገባና የሰርግ ወራት ሲደርስ ከወጣቶች ጋር ሆነው በየድንኳኑ ይጫወታሉ። በተለያየ ጊዜ ከአዲስ አበባ ባልደረቦቻቸው የገዟቸው ሁለት አሮጌ ፌንደሮች አሏቸው፤ አንዱ ፕሪሲዥን፣ ሁለተኛው ጃዝ ነው። ሁለቱም በ1970ዎቹ ዓመታት የተሠሩ ሲሆኑ ፕሪሲዥኑ በጥቂት ዓመት ይቀድማል።

ባለፈው የበጋ ወራት የቤታቸው ጣራ ዝገት በልቶት ስለ ነበር፣ ክረምት ሳይገባ አንዱን ጊታር ሽጠው ቆርቆሮ ለመግዛት አሰቡ። ከአዲስ አበባ አንድ ገዢ ተገኘ። ይህ ሰው ስለ ድምፃቸው አንዳች ሳይጠይቅ በስልክ የጠየቀው ነገር «አንገቱን ከገላው ጋር የያዙት ብሎኖች ሦስት ናቸው ወይስ አራት?» የሚል ነበር። የፕሪሲዥኑ አራት፣ የጃዙ ሦስት መሆኑ በተነገረው ጊዜ ለፕሪሲዥኑ የተሻለ ዋጋ አቀረበ። ጋሼም ክበባችንን «የትኛውን ልሽጥ?» ብለው አማከሩን።

እኔ ሳልውል ሳላድር «ፕሪሲዥኑን ይሽጡት» አልኋቸው። ምክንያቴም ለጊዜው የጠነከረ ይመስል ነበር፤ ገዢው ለእርሱ የበለጠ ይከፍላል፤ የሚቀረው ጃዝ ደግሞ ሁለት ፒክአፕ አለው፣ አንገቱ ቀጭን ነው፣ ፋብሪካውም ሲያወጣው በዋጋ ከፕሪሲዥን ከፍ አድርጎ ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ «ልጄ፣ አንተ ያነበብኸውን ነገርኸኝ እንጂ የሰማኸውን አልነገርኸኝም። ቅዳሜ ሰርግ አለን፤ መጥተህ ስማ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የሰማሁት ነው።

፪. የሁለቱ መሣሪያዎች ታሪክና አሠራር

ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ያቀረበው በ1951 ነው። ከዚያ በፊት በባንድ ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ሥራ ይሠራ የነበረው ሰው የሚያህለው ኮንትራባስ ነበር፤ እርሱም ለማጓጓዝ የሚያስቸግር፣ ከነፋስ መሣሪያዎች ጋር ሲሆን ድምፁ የሚዋጥ ነበር። ኮንትራባስ ፍሬት ስለሌለው ተጫዋቹ ድምፁን በጆሮው ፈልጎ ማግኘት ነበረበት። አዲሱ መሣሪያ ግን በአንገቱ ላይ ፍሬት ስለ ተደረገለት ጣት ያረፈበት ድምፅ ሳይዛነፍ ይወጣል፤ «ፕሪሲዥን» የሚለው ስም የተሰጠውም ይህን ትክክለኛነት ለማመልከት ነው። በ1957 መሣሪያው እንደገና ተሻሽሎ ለሁለት የተከፈለ አንድ ፒክአፕ ተደረገለት፤ ዛሬ ፕሪሲዥን ስንል በዐይናችን የሚመጣው ይኸው መልክ ነው።

ጃዝ ቤዝ የወጣው በ1960 ነው። ገላው ወገቡ ላይ ገደድ ያለ ሲሆን፣ አንገቱ ከአናቱ በኩል 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የፕሪሲዥን ግን ከ4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። በፕሪሲዥን ላይ ካለው አንድ ፒክአፕ ፈንታ በጃዝ ላይ ሁለት ይገኛሉ፤ አንዱ ወደ አንገቱ፣ አንዱ አውታሮቹ ወደሚታሰሩበት ወደ ብሪጁ የቀረበ ሲሆን፣ ለእያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ የድምፅ መቈጣጠሪያ አላቸው። ከዚህ በቀር ግን ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው። የአውታራቸው ርዝመት እኩል 86.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አራቱም አውታሮች የሚቃኙት በአንድ ዐይነት ነው፤ ፍሬቶቻቸውም በቍጥር 20 ናቸው።

በነገራችን ላይ «አንድ ፒክአፕ ወይስ ሁለት?» የሚለው ክርክር የፌንደር ብቻ አይደለም። የጊብሰን ኩባንያም በ1959 ባለ አንድ ፒክአፑን ኢቢ ዜሮ፣ በ1961 ደግሞ ባለ ሁለቱን ኢቢ ሦስት አውጥቷል። እነዚህ አውታራቸው 77.5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አጭር መሣሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምናገረው ስለ አንድ ኩባንያ ምርት ሳይሆን ስለ ሁለት የአሠራር ሐሳቦች መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

የብሎኑን ነገር በአጭሩ ላስረዳ። የፌንደር ኩባንያ በ1965 መጀመሪያ ላይ ለሲቢኤስ ተሸጠ። ከዚያም በ1970ዎቹ አጋማሽ የጃዝ ቤዝ አንገት በአራት ብሎን መያዙ ቀርቶ በሦስት እንዲያዝ ተደረገ፤ ፕሪሲዥኑ ግን በአራቱ ጸና። የአሮጌ ጊታር ሰብሳቢዎች ባለ ሦስት ብሎኑን «አንገቱ ይላወሳል» ብለው ስለሚንቁት የብሎን ቍጥር የዋጋ መለኪያ ሆነ። ገዢው በስልክ የጠየቀው ይህን ነው።

ዳሩ ግን ሰብሳቢዎቹ የማያነሡት አንድ ነገር አለ። በአንገቱ እንጨት ውስጥ የሚያልፍ፣ የአንገቱን መጉበጥ የሚያቃና የብረት ዘንግ አለ። በጋሼ ፕሪሲዥን ላይ ይህን ዘንግ ለማጥበቅ ወይም ለማላላት አንገቱን ፈትቶ ማውጣት ግድ ነው፤ በባለ ሦስት ብሎኑ ጃዝ ላይ ግን መፍቻው የሚገባው ከአናቱ በኩል ስለ ሆነ ምንም ሳይፈታ ይስተካከላል። እንደ ጅማ በዓመት እስከ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልበት አገር፣ እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ በበጋ ሲደርቅ አንገት መንቀሳቀሱ የታወቀ ነው። ሰብሳቢው የናቀው አሠራር ለአጋሮ ተጫዋች ምቾት ነው ማለት ነው። መሣሪያ የሚመዘነው በሚኖርበት አገር አየር እንጂ በመስታወት ሣጥን ውስጥ እንዳልሆነ የገባኝ መጀመሪያ በዚህ ነው።

፫. «ሁለት ከአንድ ይበልጣል» ስለሚለው አስተያየት

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልመለስ። ጃዝ ሁለት ፒክአፕ ስላለው ከፕሪሲዥን ይበልጣል የሚለው አስተያየት ቀና ቢመስልም ፒክአፕ እንዴት እንደሚሠራ ሲመረመር ይናዳል።

ፒክአፕ ማለት በማግኔት ላይ የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት አውታር በላዩ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ይህን አጕልቶ ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። አንድ አውታር በሚመታበት ጊዜ በሙሉ ርዝመቱ ብቻ አይርገበገብም፤ በግማሹ፣ በሢሶው፣ በሩቡም እየተከፈለ ይርገበገባል። የመጨረሻው ወፍራም አውታር በሙሉ ርዝመቱ በሴኮንድ 41 ጊዜ ሲርገበገብ፣ በግማሹ 82፣ በሢሶው 123 ጊዜ ይርገበገባል። ፒክአፑ ወደ ብሪጁ በቀረበ መጠን እነዚህ ትንንሽ ክፋዮች ጐልተው ይሰማሉ፤ ድምፁም ይቀጥናል፣ ይጠራል። ወደ መካከል በተጠጋ መጠን ሙሉው እየገነነ ይሄዳል፤ ድምፁም ይወፍራል።

ሁለቱ የጃዝ ፒክአፖች አብረው በሚከፈቱበት ጊዜ ግን የሁለቱ ድምፅ እንደ ሸቀጥ አይደመርም። አንዳንዱ ክፋይ በአንደኛው ፒክአፕ ላይ ወደ ላይ ሲሆን በሁለተኛው ላይ ወደ ታች ስለሚሆን እርስ በርሱ ይጣፋል። የሚጣፋውም በአብዛኛው የመካከለኛው ድምፅ ነው። የተረፈው ድምፅ ለብቻው ሲሰማ ለስላሳና ጣፋጭ ነው፤ በባንድ መካከል ቤዙን ለይቶ የሚያሰማው ግን ያ የጠፋው መካከለኛ ድምፅ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ የጃዝ ፒክአፕ ባለ አንድ ጥቅል ስለ ሆነ በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሪክ መስመር ጕርምርምታ እንደ አንቴና ይለቅማል። ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ ጕርምርምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ግን ይመለሳል። በፕሪሲዥን ላይ ያለው የ1957 ፒክአፕ ሁለት ግማሾቹ በተቃራኒ አቅጣጫ የተጠቀለሉ ስለ ሆኑ ጕርምርምታውን ሁልጊዜ ይገድለዋል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የሚሰማው ጕርምርምታም 50ና እጥፉ 100 ነው። በቤዝ ጊታር ላይ በወፍራሙ አውታር ሦስተኛው ፍሬት የሚገኘው ድምፅ 49 ነው፤ በባዶው የተመታ ቀጭኑ አውታርም 98 ነው። ስለዚህ ጕርምርምታው ዝም ብሎ ጫጫታ አይደለም፤ ከእነዚህ ሁለት ድምፆች አጠገብ የሚቆም፣ በጥቂቱ የተዛነፈ የማያቋርጥ ድምፅ ነው። ጆሮው ንጹሕ የሆነ ሰው ቅኝቱ የፈረሰ ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ ጃዝ የሚመሰገንበት ነጻነት፣ ማለት ሁለቱን ፒክአፖች እያፈራረቁ ድምፅን መለወጥ፣ ዋጋ የሚከፈልበት ነጻነት ነው። ነጻነቱን ሲጠቀሙበት ጕርምርምታው ይመጣል፤ ጕርምርምታውን ሲሸሹ መካከለኛው ድምፅ ይጠፋል። መስመሩ በደንብ በተዘረጋበት ስቱዲዮ ይህ ችግር ቀላል ነው። ሽቦው ከጐረቤት በተሳበበት ድንኳን ግን ቀላል አይደለም።

፬. በድንኳኑ ውስጥ

በተባለው ቅዳሜ ወደ አጋሮ ሄድሁ። ድንኳኑ በግቢ ውስጥ የተተከለ ሲሆን መብራቱ የሸንበቆ አምፑል፣ ኤሌክትሪኩ በየሰዓቱ የሚጠፋና በጄኔሬተር የሚተካ ነበር። ባንዱ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድራም፣ አንድ ሳክስፎን፣ ሁለት ዘፋኞችና ጋሼ ናቸው። ዘፈኑ በኦሮምኛም በአማርኛም ነበር።

ጋሼ እኔን ለማስተማር ብለው የማታውን የመጀመሪያ ክፍል በጃዙ ተጫወቱ። ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆሜ ስሰማ ድምፁ ያማረ ነበር፤ «ይኸው፣ ልክ ነበርሁ» ብዬ ተደሰትሁ። ነገር ግን ወደ ኋለኛው ረድፍ ሄጄ ስቀመጥ ቤዙ ጠፋብኝ። የኪቦርዱ ግራ እጅ በዚያው ወፍራም ስፍራ ላይ ስለሚጫወት የትኛው የማን እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም። ጋሼም ይህን ከኔ ቀድመው ያውቁ ስለ ነበር የአንገቱን ፒክአፕ ዝቅ አድርገው የብሪጁን ብቻ አስቀሩ። ወዲያው ቤዙ ብቅ አለ፤ ነገር ግን ከእርሱ ጋር የአምፑሉና የጄኔሬተሩ ጕርምርምታ አብሮ ብቅ አለ። በዘፈንና በዘፈን መካከል፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ የሙሽራው አባት ዘወር ብለው ተመለከቱ።

ከራት በኋላ ፕሪሲዥኑን አነሡ። ከብሪጁ አጠገብ ከአውታሮቹ በታች አንዲት ቁራጭ ስፖንጅ ሸጕጠውበታል፤ ይህም አውታሩ ከተመታ በኋላ ሳያስተጋባ ቶሎ እንዲከደን ነው። የፋብሪካው ሰዎችም በድሮዎቹ መሣሪያዎች ላይ በብሪጁ መክደኛ ሥር እንዲህ ያለ ስፖንጅ ያደርጉ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ችክችካው ሲጀመር ልዩነቱ ወለል ብሎ ታየ። የችክችካ ምት በስድስት የሚቈጠር ሲሆን ውበቱ ከሚመታው ይልቅ ከሚተወው ስፍራ ላይ ነው፤ ቤዝ ከረዘመ ያንን ክፍት ስፍራ ይደፍነዋል። የፕሪሲዥኑ ድምፅ ግን አጭር፣ ድፍንና ጐልቶ የሚሰማ ስለ ሆነ ከድራሙ ጋር አንድ እግር ሆኖ ሄደ። በኋለኛው ረድፍ ሆኜ እያንዳንዱን ድምፅ ለየሁት። ጕርምርምታም አልነበረም።

እዚህ ላይ ስለ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች አንድ ቃል ልጨምር። በከተሞቻችን ያሉት አብዛኞቹ ማጉያዎች በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ በሚገባ ማውጣት አይችሉም፤ የዚህ ድምፅ ሞገድ በአየር ውስጥ ከ8 ሜትር ይበልጣልና። ነገር ግን የሰው ጆሮ 82ንና 123ን ሲሰማ የጐደለውን 41 ራሱ አሟልቶ ይሰማዋል። ስለዚህ በድንኳን ውስጥ «ወፍራም» የሚባለው ቤዝ ከሁሉ በታች ያለው ድምፅ የበዛለት ሳይሆን፣ ከእርሱ በላይ ያሉት ክፋዮች ያልጠፉበት ነው። ፕሪሲዥን በዚህ ይረታል።

ነገሩ የጆሮ ደስታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። ሰርግ ደጋሹ ሰው ባንዱን ሲዋዋል «ኪቦርዱ ቤዙንም ይጫወት የለም ወይ? ለቤዝ ሰው ለብቻ ለምን እከፍላለሁ?» እያለ ይከራከራል። በብዙ ሰርግም የቤዝ ሰው ቀርቶ በኪቦርዱ ግራ እጅ ተተክቷል። የጋሼ ዕለታዊ መልስ መሰማት ነው፤ ካልተሰሙ በሚመጣው ቅዳሜ አይጠሩም። በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ የወፍራም ድምፅ ረድፍ ነበርሁ፤ መምህራችን «የእናንተን መኖር ማንም አያስተውልም፤ በጠፋችሁ ቀን ግን መዝሙሩ መንሳፈፍ ይጀምራል» ይሉን ነበር። ይህ ለመዘምራን እውነት ነው፤ ደመወዝ ለሚከፈልበት ሰው ግን አለመስተዋል እንጀራ ያሳጣል።

፭. በክፍሉ ውስጥ

ፍርዱ በዚህ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ነገር ግን ለጃዝም ፍትሕ ለማድረግ ብለን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሼን ሁለቱን መሣሪያዎች ይዘው ወደ ጅማ እንዲመጡ ለመንናቸው። በክበባችን ክፍል ውስጥ አንድ ክራርና አንድ ማሲንቆ ብቻ ሆነው ትዝታ ተጫወቱ። ድራም የለም፣ ኪቦርድ የለም፤ መብራቱም የቀን ብርሃን ነበር።

በዚህ ስፍራ ነገሩ ተገለበጠ። ፕሪሲዥኑ በድንኳኑ ውስጥ ያዳነው ያው መካከለኛ ድምፅ እዚህ የክራሩን ወፍራም አውታሮች ሸፈናቸው። ክራሪስቱ ሁለት ጊዜ «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ብሎ ለመነ። ጃዙ ሲነሣ ግን፣ ሁለቱ ፒክአፖች እኩል ተከፍተው፣ ቤዙ ከክራሩ በታች ገብቶ ተኛ። መካከሉ ክፍት ስለ ሆነ ማሲንቆው ያለ ችግር አለፈ። ለሰርግ ጕድለት የሆነው ነገር ለትዝታ ትሕትና ሆነ።

ይህን ስሰማ በገና ትዝ አለኝ። በአገራችን ወፍራም ድምፅ ከቤዝ ጊታር ጋር የመጣ አይደለም፤ በገና አሥር አውታሮቿን ይዛ ከጥንት ጀምሮ በጾም ወራት ስትደረደር ኖራለች። እርሷም ለድንኳን ሳይሆን ለጸጥታ የተሠራች ስለ ሆነች በጫጫታ መካከል አትሰማም፤ ይህን ግን ማንም እንደ ጕድለት አልቈጠረባትም።

በዚያው ቀን ሌላ ነገር ታየ። ከክበባችን አባሎች አንዷ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ቤዝ ለመማር ትፈልግ ነበር። የፕሪሲዥኑ አንገት ለእጇ ስለ ሰፋባት አራተኛ ጣቷ ከአውታሩ ይሸሽ ነበር። በጃዙ ቀጭን አንገት ላይ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የትዝታን ሐረግ አስተካክላ መጫወት ቻለች። ጋሼ ይህን ሲያዩ ፈገግ ብለው ዝም አሉ።

፮. ስለ ቅኝትና ስለ ዓመተ ምሕረት

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ጃዝ ትዝታን ያውቃል፣ ፕሪሲዥን አያውቅም» ብለው ደመደሙ። ይህ ስሕተት መሆኑን መግለጽ እወዳለሁ። የሁለቱ አውታር ርዝመት እኩል፣ ፍሬታቸውም በአንድ ልክ የተተከለ ስለ ሆነ፣ ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺ ሆዬም በሁለቱ ላይ የሚገኙት በዚያው በአንድ ስፍራ ነው። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌላት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ስፍራ ሁሉ ታገኘዋለች፤ ሁለቱ ጊታሮች ግን ይህን እኩል አይችሉም። በቅኝት ረገድ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ከጆሮ ሳይሆን ከስሙ የመጣ ነው።

በአንጻሩም ዓመተ ምሕረትን የሚያመልኩ አሉ። ለእነዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ አቀርባለሁ። በሞታውን ሸክላዎች ላይ የሚሰማው ጄምስ ጄመርሰን ዝነኛ የሆነበት ፕሪሲዥን የ1962 ሥራ ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስም የተጫወተበት ፍሬቱ የወጣ ጃዝ ቤዝ እንዲሁ የ1962 ሥራ ነው። ፋብሪካው አንድ፣ ዓመቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ የአንደኛው ድምፅ አጭርና ድፍን፣ የሁለተኛው እንደ ሰው ጕሮሮ የሚዘምር ሆነ። ልዩነቱን ያመጡት የፒክአፑ ስፍራ፣ የአውታሩ ዐይነትና ከሁሉ በላይ የሰውየው ጣት ናቸው። ዓመቱ በዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበረውም።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተባለው የምደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ፕሪሲዥንና ጃዝ በደረጃ የሚበላለጡ ሳይሆኑ በሥራ የሚለያዩ መሣሪያዎች ናቸው። ብዙ መሣሪያ ባለበት፣ መስመሩ በማይታመንበት፣ ምቱ ለጭፈራ በሆነበት ስፍራ ፕሪሲዥን ይሻላል። ጥቂት መሣሪያ ባለበት፣ ጸጥታ በሚገኝበት፣ ክራርና ማሲንቆ በሚሰሙበት ስፍራ ጃዝ ይሻላል። «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስፍራውንና ሥራውን ካልተናገረ መልስ ሊሰጠው አይገባም። እኔ የተሳሳትሁት ሳልጠይቅ ስለ መለስሁ ነው።

ጋሼ ጃዙን ሸጡት። ገዢው በሦስቱ ብሎን ምክንያት ዋጋውን ስለ ቀነሰ፣ ጣራው በሙሉ ሳይሆን ግማሹ ብቻ በአዲስ ቆርቆሮ ተለወጠ፤ የቀረው ግማሽ በሚመጣው የሰርግ ወራት ገቢ ይሠራል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ፕሪሲዥኑን ሸጠው ቢሆን ጣራው ዛሬ ባለቀ ነበር፤ በየቅዳሜው የሚገኘው እንጀራ ግን ባልኖረ ነበር። ያች ተማሪ አሁን የምትማረው በሰፊው አንገት ላይ ነው፤ እየተቸገረችም ቢሆን አልተወችም። ስለዚህ የጋሼ ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ እንጂ ኪሳራ የለበትም አልልም። ከጅማ አካባቢ አንድ ጥሩ መሣሪያ ወጥቶ ሄዷል፤ አሁንም በአንድ ሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብሎኑ ይቈጠር ይሆናል።

ለጓደኞቼ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አቅርቤ አበቃለሁ። በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በበደሌና በቦንጋ እንደ ጋሼ ያሉ አሮጌ ተጫዋቾችና አሮጌ መሣሪያዎች መኖራቸው አያጠራጥርም። በዕረፍታችን ጊዜ ወደየትውልድ ከተማችን ስንሄድ እነዚህን መሣሪያዎች ብንጐበኝ፣ በምን ሙዚቃና በምን ስፍራ እንዳገለገሉ ከባለቤቶቻቸው ጠይቀን ብንጽፍ፣ ድምፃቸውንም ብንቀዳ፣ ነጋዴው ከመድረሱ በፊት እኛ እንደርሳለን። በጻፍሁት ውስጥ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ጓደኛ ቢኖር በሚቀጥለው እትም እንዲያርመኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከማረሙ በፊት ግን ሁለቱን መሣሪያዎች ከኋለኛው ረድፍ ሆኖ ይስማቸው።